የልጅዎ የመጀመሪያ የዓሣ ማጥመጃ፦ ከመንጠቆው ይጀምሩ

ለልጁ የዓሣ ማጥመጃ ሊገዛ ዋልማርት ወይም ዲክስ የገባ ወላጅ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ዘንጉ ላይ ነው። ዘንጉ ረጅም ነው፣ ያብረቀርቃል፣ አንዳንዱም የካርቱን ሥዕል ተለጥፎበታል፤ ልጁም እጁን ጎትቶ የሚያሳየው እሱኑ ነው። መንጠቆው በመጨረሻ፣ ሒሳብ ሊከፈል ሲል፣ ያገኙትን አንሥቶ ጋሪው ውስጥ በመጣል ያልቃል። ዓሣውን የሚይዘው ግን መንጠቆው ነው። ልጅ ሁለት ሰዓት ቆሞ ምንም ሳይዝ ሲመለስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ መንጠቆው ለዓሣው አፍ መትለቁ ነው። ስለዚህ ግዢውን ከጫፉ እንጀምር፦ ከዓሣው አፍ ወደ መንጠቆው፣ ከመንጠቆው ወደ ክሩ፣ ከክሩ ወደ ሪሉ፣ ዘንጉ ላይ የምንደርሰው መጨረሻ ነው።

የምጽፈው በተለይ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጅ ለሚያሳድጉ፣ እነሱ ግን ዘንግ ጨብጠው ለማያውቁ ወላጆች ነው። ሌላ ግዛት የሚኖሩ ከሆነ የሚለወጠው ሕጉና የሐይቁ ስም ብቻ ነው።

አንደኛ፦ ዓሣውን ይምረጡ

ልጆች ትልቅ ዓሣ ይመኛሉ። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ባስ የሚባለውን ዓሣ ይዞ ፎቶ ሲነሣ አይተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጠምድ ልጅ ግን የሚያስፈልገው ቶሎ ቶሎ የሚነክስ ዓሣ ነው፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ እንደ ብሉጊል የሚሆን የለም። ብሉጊል ጠፍጣፋና ክብ ቢጤ፣ ብዙውን ጊዜ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ በየሐይቁና በየኩሬው ዳር የሚርመሰመስ ዓሣ ነው። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ያደገ ሰው ሲያየው ቆሮሶ ትዝ ይለዋል። የቅርብ ዝምድና የላቸውም፤ ጠባያቸው ግን ይቀራረባል። የሁለቱም ወንዶች ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ቆፍረው እንቁላል የሚጣልበትን ስፍራ ያዘጋጃሉ። ብሉጊል ይህን የሚያደርገው ውኃው ሲሞቅ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ስለሆነ፣ ልጅዎን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱበትን ቀን በዚያ ሰሞን ቢያደርጉት ዓሣው ራሱ ዳር ድረስ ይመጣል። ሩቅ መወርወር አያስፈልግም፤ አምስት ሜትር ይበቃል።

ቨርጂኒያ ላሉ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ያለው በርክ ሌክ፣ ሜሪላንድ ላሉ ሮክቪል አጠገብ ያለው ሌክ ኒድዉድ ጥሩ መነሻዎች ናቸው። ከፖቶማክ ወንዝ ይልቅ ሐይቅ ይሻላል። ወንዙ ይጎትታል፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ልጁ እስኪለምድ ይቆይ።

ሁለተኛ፦ መንጠቆው

የብሉጊል አፍ ጠባብ ነው፤ እርሳስ ጫፉ ላይ ካለው ላጲስ ብዙም የማይሰፋ አፍ ያለው ይበዛል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ 8 ወይም 10 የሚል መንጠቆ ይግዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በመንጠቆ ቁጥር አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ያነሰ ነው። ከ1 በኋላ ደግሞ አቆጣጠሩ ይገለበጥና 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እያለ ሲሄድ መንጠቆው እየተለቀ ይሄዳል። «ለልጅ ስለሆነ ትንሽ ቁጥር» ብሎ 1 ቁጥር የገዛ ወላጅ ለሌላ ዓሣ የሚሆን መንጠቆ ይዞ ወጣ ማለት ነው። ዓሣዎቹ ትሉን ጫፍ ጫፉን እየተቀራመቱ ይበሉበታል፣ ክሩ ላይ ያለው ተንሳፋፊ (ቦበሩ) ይደንሳል፣ ልጁ ይጎትታል፣ ምንም የለም።

ከቁጥሩ ሌላ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው የመንጠቆው ግንድ ርዝመት ነው። ግንዱ ረዘም ያለ፣ ሽቦው ቀጠን ያለ መንጠቆ (አበርዲን የሚባለው ዓይነት) ዓሣው ቢውጠው እንኳ ጅራቱ ውጭ ስለሚቀር በቀላሉ ይያዛል። ሁለተኛው ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረችው እሾህ ናት። ይህቺን እሾህ ገና ቤት እያሉ በፒንሳ ተጭነው ይደፍጥጧት። ክሩ እስካልላላ ድረስ ዓሣው አይጠፋም፤ መንጠቆው የልጁ ጣት ወይም የእርስዎ ጆሮ ውስጥ ቢገባ ግን በገባበት መንገድ ቀስ ብሎ ይወጣል። እሾሁ ያልተደፈጠጠ መንጠቆ ጠልቆ ከገባ፣ ወይም የትኛውም መንጠቆ ዓይን አጠገብ ከተሰካ፣ አይጎትቱት፤ ክሩን ቆርጠው እንዳለ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

በሦስት በኩል የሚዋጋ መንጠቆ የተንጠለጠለባቸውን ባለ ቀለም የፕላስቲክ ዓሣዎች አይግዙ። ያማልላሉ፤ መደርደሪያውን የሚሞሉትም እነሱ ናቸው። ግን በወላጅ ኪስ ላይ የተሠሩ ናቸው ብል አላጋነንኩም። ልጁ አንዱን ቁጥቋጦ ላይ፣ አንዱን የራሱ ሸሚዝ ላይ ይሰካዋል። ትል ይግዙ። ትል በማጥመጃ ሱቆችና በዋልማርት በትንንሽ ዕቃ ይሸጣል፤ ሙሉውን ሳይሆን እንደ ጥፍር ርዝመት ቆርጠው ያድርጉት። ትል መንካት የሚጸየፍ ልጅ ካለዎት የታሸገ በቆሎ ፍሬ ወይም በጣት የተድቦለቦለ የዳቦ ለስላሳ ክፍል ይሠራል። እንጀራ አይሞክሩ፤ ውኃ ሲነካው ይፈርሳል።

ሦስተኛ፦ ቦበሩና ክብደቱ

ቀይና ነጭ የሆነው ክብ ተንሳፋፊ፣ ቦበር የሚባለው፣ ለልጅ ከሁሉም በላይ የሚያስደስት ዕቃ ነው፤ ዓሣው ሲነክስ በዓይኑ የሚያየው በእሱ ነውና። ታዲያ ትልቁን አይግዙ። እንደ ሎሚ የሚያህለውን ትንሽ ዓሣ ጎትቶ ማስጠም አይችልም፤ ክብደቱ ሲሰማው ይተፋዋል። ከአንድ ኢንች ያልበለጠ ክብ፣ ከተገኘም ቀጭን እንደ እስክሪብቶ የሆነው ይመረጣል። ከመንጠቆው ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ከፍ አድርገው ክሩ ላይ ያያይዙት።

በሁለቱ መካከል፣ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ አንድ ወይም ሁለት ትንሽ ድብልብል ክብደት ይቆነጠጣል። ይህ ዕቃ በተለምዶ ከእርሳስ ብረት ይሠራል። እርሳስ መርዝ ነው፤ አጥማጆች ደግሞ በጥርሳቸው ነክሰው የመዝጋት ልማድ አላቸው፤ ልጆችም ያንኑ ያያሉ። ከቲን የተሠራው ጥቂት ሳንቲም ቢወደድ ነው፤ እሱን ይግዙ። ውኃ ውስጥ የቀረ እርሳስ የሚውጡ ዳክዬዎችና ሌሎች የውኃ ወፎችም ይሞታሉ።

አራተኛ፦ ክሩ

ሞኖ የሚባለው ተራው የናይለን ክር ባለ 6 ፓውንድ ይሁን፤ 4ም ይሆናል። ቁጥሩ ክሩ ሳይበጠስ የሚሸከመው ክብደት ነው፤ 6 ፓውንድ ወደ 2.7 ኪሎ ይጠጋል። ብሉጊል ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በታች ነው፤ የአምባዛ ዘመድ የሆነው ካትፊሽ ድንገት ቢነክስም ቀስ ብለው ከሠሩ ክሩ ይችለዋል። ከልጆች ዕቃ ጋር ተጠምጥሞ የሚመጣው ክር ብዙ ጊዜ ወፍራምና ደረቅ ነው፤ እንደ ሞላ ሽቦ ተጠቅልሎ ይወጣና ቀላል ቦበር መወርወር ያስቸግራል። አውጥተው ይጣሉት፤ አዲስ ጥቅል ክር ርካሽ ነው።

ብሬድ የሚባለውን የተጎነጎነ ክር ለልጅ አይግዙ። ቀጭንና በጣም ጠንካራ ስለሆነ ጣት ይቆርጣል፤ ሲቆላለፍም አይፈታም።

አምስተኛ፦ ሪሉ

ሪል ክሩን የሚጠቀልለው ዕቃ ነው። በብዛት የሚገኘው ሦስት ዓይነት ነው። ለልጅ የሚሆነው ከኋላው ቁልፍ ያለው፣ ክሩ በክዳን ውስጥ የተሸፈነው ስፒንካስት ነው። አጠቃቀሙ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ቁልፉን በአውራ ጣት ተጭኖ ይዞ ዘንጉን ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ፊት ሲወረውሩ መልቀቅ። ይህ ሪል የመጣው ከማይገመት ቦታ ነው። በኦክላሆማ ግዛት ቱልሳ ከተማ ለነዳጅ ጉድጓድ የሚሆን ፈንጂ የሚሠራ ዜሮ አወር ቦምብ ካምፓኒ የሚባል ድርጅት ነበር፤ አር. ዲ. ሀል የሚባል የሰዓት ሠሪ ሐሳቡን ይዞ መጣና በ1949 የመጀመሪያው ሪል ከዚያ ፋብሪካ ወጣ። ዛሬ በየሱቁ የሚያዩት ዜብኮ የሚለው ስም የዚያ የቦምብ ድርጅት ምኅፃረ ቃል ነው።

በየትኛውም የንግድ ስም ይሁን፣ ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ፈተና አንድ ነው፦ ልጁን ይዘው ይሂዱና ቁልፉን በራሱ አውራ ጣት ይጫነው። እስከ ታች ካልተጫነለት ወይም ሁለት እጅ ካስፈለገው ያንን ይመልሱት። አንዳንዱ ርካሽ ሪል ቁልፉ ለአዋቂም ይከብዳል። ቀጥሎ መዘውሩን ያሽከርክረው፤ የሚያንቋቋ፣ የሚያዝ ወይም የላላ ከሆነ ሌላ ያንሡ። መዘውሩ ከቀኝ ወደ ግራ የሚዛወር መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ግራኝ ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ቤት ገብቶ ካወቀው አበሳ ነው።

ልጅዎ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ከሞላውና እጁ ቀልጣፋ ከሆነ፣ ስፒኒንግ የሚባለውን ክሩ የሚታይበትን ሪል ሊማር ይችላል። ሩቅ ይወረውራል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ሦስተኛውን፣ ቤይትካስተር የሚባለውን፣ ገና ለዓመታት አያስቡት።

ልጅዎ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ዓመቱ ከሆነስ? ሪል አይግዙ። በሐዋሳ የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል በኩል፣ ልጆች በባዶ እጃቸው ክርና መንጠቆ ብቻ ይዘው ሲያጠምዱ ያየ ሰው ይገባዋል። እዚህም ሪል የሌለው፣ እንደ ቀርከሃ የረዘመ፣ እየተሳበ የሚወጣና የሚታጠፍ ዘንግ ይሸጣል። ከስምንት እስከ አሥር ጫማ ያለውን ይውሰዱ፤ የዘንጉን ርዝመት ያህል ክር ጫፉ ላይ ያስሩና ቦበርና መንጠቆ ያድርጉበት። መወርወር የለም፣ መጠቅለል የለም፣ መቆላለፍም ብዙ የለም። ልጁ ዘንጉን ዘርግቶ ቦበሩን ያስቀምጣል፤ ሲሰምጥ ያነሣል። በእኔ አስተያየት ለስድስት ዓመት ልጅም ቢሆን ከዚህ መጀመር ነውር የለውም፤ ከሪሉ ጋር የሚታገልበትን ጊዜ ዓሣ እያወጣ ያሳልፈዋል።

ስድስተኛ፦ ዘንጉ

ሪል ያለው ከመረጡ፣ ከአራት ተኩል እስከ አምስት ተኩል ጫማ የሆነ ዘንግ ይበቃል። የካርቱን ሥዕል ያለባቸው ሁለት ጫማ ተኩል የሚሆኑት መጫወቻ ናቸው፤ አይታጠፉም፣ አይወረውሩም፣ በበጋው መጨረሻም ይሰበራሉ። ልጁ አልቅሶ እሱኑ ካለስ? ሥዕሉን ለብቻው ገዝተው ደህናው ዘንግ ላይ ይለጥፉለት።

እጀታው አጠገብ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ። «ላይት» ወይም «አልትራላይት» የሚል መሆን አለበት፤ ያ ማለት በትንሽ ዓሣም ይታጠፋል፣ ልጁም እጁ ላይ ይሰማዋል ማለት ነው። «ሚዲየም ሄቪ» የሚለው ለብሉጊል እንደ መጥረጊያ እንጨት ነው። ከግራፋይት ይልቅ ፋይበርግላስ ይምረጡ፤ ከበድ ይላል እንጂ የመኪና በር ቢዘጋበትም የመትረፍ ዕድል አለው። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በጣትዎ ይዳስሱ፤ የተሰነጠቀ ወይም ሻካራ ካለ ክሩን ይበላዋል። ሪልና ዘንግ አንድ ላይ የሚሸጥ አለ፤ «ኮምቦ» ይሉታል፤ ከ20 እስከ 40 ዶላር ባለው ውስጥ ለልጅ የሚበቃ ይገኛል። ከዚያ በላይ ያለውን ገንዘብ ለሚቀጥሉት ዕቃዎች ያውሉት።

ሰባተኛ፦ ማንም የማያስታውሳቸው

ፒንሳ፣ አፉ ቀጭንና ረጅም የሆነው፤ መንጠቆ ለማውጣት። የጥፍር መቁረጫ፤ ክር ለመቁረጥ። የፀሐይ መነጽርና ባርኔጣ፤ ፀሐዩ ቀርቶ የሚወረወር መንጠቆ ከዓይን ስለሚከለክሉ። የማጥመጃ ሣጥን አይግዙ፤ ክዳን ያለው የምሳ ዕቃ ያንኑ ይሠራል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የላይም በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር ስላለ ረጅም ሱሪ ያልብሱት፤ ማታ ገላውን ሲያጥቡት ከጉልበቱ ኋላና ከጆሮው ኋላ ይፈትሹት።

ላይፍ ጃኬት ለብቻው ይነገር። ከዘንጉ ቢወደድም ይግዙት። መዋኘት ያልተማረ ወላጅ መዋኘት ካልተማረ ልጅ ጋር ውኃ ዳር ሲቆም፣ ብዙዎቻችን እንዲህ ነንና፣ ጃኬቱ ልብስ ሳይሆን ቅድመ ሁኔታ ነው። በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የጸደቀ መሆኑ ውስጡ ላይ ተጽፏል። መጠኑ የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፦ ከ30 እስከ 50 ፓውንድ ላለ ልጅ «ቻይልድ»፣ ከ50 እስከ 90 ላለ «ዩዝ» ይባላል። «ያድግበታል» ብሎ ሰፊ መግዛት በትምህርት ቤት ልብስ እንጂ በዚህ አይሠራም። አልብሰው ከዘጉት በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ አገጩንና ጆሮውን አልፎ ከወጣ ሰፍቷል። በአየር የሚነፋ የክንድ ፊኛ የዚህ ምትክ አይደለም።

ስምንተኛ፦ ፈቃድ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ፈቃድ ያጠምዳል። እርስዎ ግን ዘንግ ይዘው ካጠመዱ ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ በየግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በደቂቃዎች ይገዛል። ሳይገዙ ለመሞከር ነፃ ቀናት አሉ፦ በቨርጂኒያ በሰኔ ወር (በፈረንጆቹ ጁን) የመጀመሪያው ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ፤ በሜሪላንድ በዚያው ወር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና ጁላይ 4። ከመሄድዎ በፊት የዓመቱን ማስታወቂያ ይመልከቱ። ደግሞም በመጀመሪያው ቀን የራስዎን ዘንግ ቤት ቢተዉት ይሻላል፤ ትል ሲሰኩ፣ ክር ሲፈቱ፣ ዓሣ ሲያላቅቁ ሁለት እጅዎ ይያዛል።

የተያዘውን መብላት የሚፈልግ ካለ፣ በዲሲ ክልል ከፖቶማክና ከአናኮስቲያ የሚወጡ ካርፕ፣ ስትራይፕድ ባስና ኢል እንዳይበሉ ከተማው ያስጠነቅቃል፤ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል በስባቸው ውስጥ ይከማቻል። ልጁ በፍልሰታ ይዞ ቢመጣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤቱ ትቼዋለሁ።

ዘጠነኛ፦ ቤት ውስጥ ማዘጋጀት

ሐይቁ ዳር ደርሶ ቋጠሮ መማር አይቻልም፤ ልጁ አያስቆምዎትም። ማታውኑ ጠረጴዛ ላይ ይለማመዱ። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ ያሳልፉ፤ ጫፉን በዋናው ክር ዙሪያ አምስት ጊዜ ያዙሩት፤ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት መልሰው ያስገቡት፤ ይህ ሲሆን አንድ ትልቅ ቀለበት ይፈጠራልና ጫፉን በእሱም ውስጥ ያሳልፉ። በምራቅ ያርጥቡት፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሙቀት ይዳከማል። ቀስ ብለው ይሳቡና ትርፉን ይቁረጡ። ይህ ካልሆነልዎ ክር ታስሮባቸው የሚሸጡ መንጠቆዎች አሉ፤ እነሱን መግዛት አያሳፍርም።

ከዚያ ድራጉን ያስተካክሉ። ድራግ ዓሣ ሲጎትት ክሩ ከመበጠስ ይልቅ እየተንሸራተተ እንዲወጣ የሚያደርገው መዘውር ነው። ክሩን በእጅዎ ይሳቡት፤ ትንሽ ተቋቁሞ ከወጣ ልክ ነው፤ እጅዎን እስኪቆርጥ ከያዘ ያላሉት። ልጁን ደግሞ መንጠቆ በሌለበት፣ ክሩ ጫፍ ላይ የፕላስቲክ መለማመጃ ክብደት ታስሮ፣ ሣር ላይ ሳሕን አስቀምጠው ያስወርውሩት። ከመወርወሩ በፊት ወደ ኋላ ዞሮ «ሰው አለ?» ማለትን ከዚያው ይልመድ።

ብሉጊል ሲወጣ ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ይዋጋል። እጅዎን ውኃ አርጥበው ከራሱ ወደ ጅራቱ እየደባበሱ ሲይዙት እሾሁ ይተኛል። ይህን አንድ ጊዜ ያሳዩትና ሁለተኛውን ልጁ ይያዘው።

የተቆረጠ ክር መሬት ላይ አይጣል፤ የወፍ እግር ይጠላልፋል። ኪስ ውስጥ ከትተው ይዘው ይመለሱ፤ በአንዳንድ መናፈሻ ክር መጣያ ቱቦ ተተክሏል። ዘንጉን ሲመለሱ መንጠቆውን ፈትተው ያስቀምጡት፤ በሐምሌ ሙቀት መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ፀሐይና ሙቀት የናይለን ክርን ያደክማሉ። ክሩን በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ ይለውጡት።